ጄኔራል ፋንታ በላይ፦ ከሐረር ሜዳ እስከ ማዕከላዊ



ባለፈው ወር የአርብ ስብሰባችን ላይ የነበራችሁ ነገሩን አትረሱትም። መዋጮው ተሰብስቦ፣ ሆስፒታል የተኛው ወንድማችን ጉዳይ ታይቶ፣ ቡናው ሁለተኛ ላይ ሲደርስ ሁለት የጦር ጄቶች በላያችን አለፉ። ደማምና ኮባር ለምንኖር ሰዎች ይህ አዲስ አይደለም። የዳህራን አየር ጣቢያ ጎረቤታችን ነው፤ ጄት ሲያልፍ ረከቦት ላይ ያለው ስኒ እንደሚንጫጫ ሁላችንም እናውቃለን። ያን ቀን ግን ድምፁ ወሬ አስነሳ።

የድሬዳዋው ታላቅ ወንድማችን በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ልጅ ነበረ። የእኛ አውሮፕላኖች ከተማዋን እንዴት እንዳተረፏት አጫወተን፤ ከዚያም የጄኔራል ፋንታ በላይ ፎቶ በመሰብሰቢያ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ይሰቀል አለ። ገሚሱ አጨበጨበ። ከትግራይ የመጣችው እህታችን ግን ስኒዋን አስቀመጠች። እሷ በልጅነቷ ያን ድምፅ ስትሰማ ወደ ዋሻ ነበር የምትሮጠው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ፤ ድምፅ ከፍ አለ፣ ጫማ የፈለገም ነበረ። ሰብሳቢያችን ነገሩ ሳይከር ቆረጡትና፣ የሰውየው ታሪክ በጋዜጣችን ይጻፍ፣ ሁሉም አንብቦ ይምጣ አሉ። ዕጣው እኔ ላይ ወደቀ።

እንግዲህ እነሆ። አሉባልታውን ትቼ የታወቀውን ብቻ እነግራችኋለሁ። ስለ ፎቶው የማስበውን መጨረሻ ላይ እላለሁ፤ ውሳኔው ግን የእናንተ ነው።

ያደጉበት ቤት

ሐረር ሜዳ ሲባል ሐረር ከተማ እንዳይመስላችሁ። ደብረ ዘይት፣ ዛሬ ቢሾፍቱ የምንላት ከተማ ላይ ያለው የአየር ኃይል ዋና ሰፈር ነው። ጄኔራል ፋንታ በላይ የዚያ ቤት ልጅ ናቸው። መኮንን ሆነው ያደጉት እዚያ ነው፤ ለአዛዥነት የበቁትም እዚያ ነው። ስለዚህ ሰውየውን ለማወቅ ቤቱን ማወቅ ያስፈልጋል።

ቤቱን ያቆሙት ስዊድኖች ናቸው። ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን የሚባል ስዊድናዊ በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ በ1928 ዓ.ም.፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን እያበረረ ቁስለኛ ያመላልስ ነበር። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ተመልሶ መጣና የበረራና የጥገና ትምህርት ቤቱን አቋቋመ፤ ለአሥር ዓመት ያህልም አየር ኃይሉን መራ። ጥገና የሚለውን ቃል ያዙልኝ፤ ወደኋላ እመለስበታለሁ። ከስዊድን ቀጥሎ አሜሪካ መጣ። ቲ-33፣ ኤፍ-86፣ በኋላም ኤፍ-5 የሚባሉት ጄቶች ገቡ። ልጆቻችን ወደ አሜሪካ እየሄዱ ሠለጠኑ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የኢትዮጵያ ኤፍ-86 ጄቶች በተባበሩት መንግሥታት ስም ኮንጎ ድረስ ዘመቱ። በአፍሪካ ውስጥ እንደዚህ ያለ አየር ኃይል ያለው አገር ያን ጊዜ ጥቂት ነበር።

ቤቱ ግን ኩራት ብቻ አልነበረውም። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአብዮቱ ነፋስ ሲነሳ፣ ደብረ ዘይት ላይ ያመፁት ትልልቆቹ መኮንኖች አልነበሩም። ቴክኒሻኖችና ባለሌላ ማዕረጎች ነበሩ፤ ክንፍ ሥር ተኝተው ቦልት የሚያጠብቁት፣ ነዳጅ የሚሞሉት፣ ቦምብ የሚሰቅሉት። ደመወዛችን አይበቃም፣ ኑሯችን ከብዷል ብለው አለቆቻቸውን ያዙ። የነገሌው ጦር ከነሱ ትንሽ ቀደም ብሎ ተነስቶ ነበር፤ የአሥመራው ወዲያው ተከተለ። መንግሥትም ደመወዝ ጨመረ። ከታች ያሉት ተነጋግረው ስለተነሱ ሰሚ አገኙ። ይህንንም ያዙልኝ።

ቀጥሎ የመጣው ግን ለአለቆቹም ለበታቾቹም መልካም አልነበረም። ደርግ ሥልጣን ያዘ፤ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ወደ ስድሳ የሚጠጉ ባለሥልጣናት ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ከነሱ አንዱ ሌተና ጄኔራል አሰፋ አየነ ነበሩ፤ ቀድሞ የአየር ኃይሉ አዛዥ የነበሩት። ጄኔራል ፋንታ በኋላ የተቀመጡበት ወንበር፣ ከዚያ በፊት የተቀመጠበት ሰው እንዲህ ያለ ዕጣ የደረሰው ወንበር ነበር።

ሐምሌ 1969

አሁን ወደ ድሬዳዋው ወንድማችን ታሪክ እንግባ።

በ1969 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በሁሉም በኩል ተወጥራ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ቀይ ሽብር፣ ሰሜን ላይ ጦርነት። ከአሜሪካ ጋር የነበረው ወዳጅነት ተበላሽቶ በዚያው ሚያዝያ የአሜሪካ ወታደራዊ አማካሪዎች እንዲወጡ ታዘዘ። የኢትዮጵያ ጄቶች ደግሞ አሜሪካ ሠራሽ ናቸው። መለዋወጫ የሚልከው ሰው ተባረረ ማለት ነው። እዚህ ጋራዥና ወርክሾፕ የምትሠሩ ወንድሞች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

በሐምሌ የሶማሊያ ጦር ድንበር ጥሶ ገባ። ጎዴ ወደቀች። አየር ኃይሉን ያቆመው ፎን ሮዘንም ያን ጊዜ ኦጋዴን ውስጥ ነበረ፤ ለእርዳታ ሥራ መጥቶ ጎዴ ላይ በዚያው ወር ተገደለ። ስልሳ ሰባት ዓመቱ ነበር። ከአርባ ዓመት በፊት ቁስለኛ ያመላልስበት ወደነበረው አገር ተመልሶ፣ እዚያው ቀረ።

የሶማሊያ አየር ኃይል ከሶቪየት ያገኛቸው ሚግ-21 እና ሚግ-17 ጄቶች ነበሩት፤ በቁጥር ከእኛ ይበልጥ ነበር። በእኛ በኩል ዋነኛ ተስፋ የተጣለባቸው ኤፍ-5ኢ ጄቶች ከአሥር አይበልጡም። በዚያ ጊዜ አየር ኃይሉን የመሩት ፋንታ በላይ ናቸው።

በነሐሴ የሶማሊያ ታንኮች ድሬዳዋ በር ላይ ደረሱ። የአውሮፕላን ማረፊያው ተመታ። ካርታ አስቡ፤ የባቡሩ መስመር፣ የሲሚንቶ ፋብሪካው፣ ወደ ጅቡቲ የሚወጣው በር ሁሉ ድሬዳዋ ላይ ነው። ያቺ ከተማ ብትወድቅ ምሥራቁ በሙሉ ይቆረጥ ነበር። ከመሬት እግረኛው፣ ሚሊሻውና የከተማው ሕዝብ፣ ከሰማይ ጄቶቹ ተባብረው አቆሟት። በሳምንታት ውስጥ አየሩ የኢትዮጵያ ሆነ። የሶማሊያ ሚጎች በአየር ላይ ውጊያ እየወደቁ ቁጥራቸው መነመነ፤ ታንኮቹም ከላይ የሚጠብቃቸው አጡ። በመስከረም 1970 ጅጅጋ ብትያዝም ድሬዳዋና ሐረር አልወደቁም። ያ የተገኘ ጊዜ ነው አገሪቱን ያተረፋት። በኅዳር የሶቪየት አውሮፕላኖች መሣሪያ ማራገፍ ጀመሩ፣ የኩባ ወታደሮች ደረሱ፤ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ካራማራ ላይ ድል ሆኖ ጅጅጋ ተመለሰች።

ታዲያ ይህን ድል ማን አመጣው ብትሉ፣ መጽሐፎቹ የአብራሪዎቹን ስም ይነግሯችኋል፤ ለገሠ ተፈራ፣ ባጫ ሁንዴ፣ ሌሎችም። ይገባቸዋል። ለገሠ ተፈራ አውሮፕላኑ ተመትቶ ሶማሊያ ውስጥ ተማረከና አሥራ አንድ ዓመት እስር ቤት ቆየ። በ1980 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት ታርቀው ምርኮኛ ሲለዋወጡ ነው አገሩን ያየው። ኢቃማ የተቃጠለባችሁ፣ ተርሂል ውስጥ ሳምንታት የቆያችሁ አስቡት፤ አሥራ አንድ ዓመት።

እኔ ግን መጽሐፎቹ ስማቸውን ያልጻፉላቸውን ልጨምርላችሁ። አንድ ኤፍ-5 ተነስቶ፣ ተዋግቶ ሲመለስ፣ ጎማው ይታያል፣ ሞተሩ ይፈተሻል፣ ነዳጅ ይሞላል፣ ጥይትና ሮኬት ይሰቀላል፤ ከዚያ እንደገና ይነሳል። ጄቶቹ ጥቂት ስለነበሩ አንዱ ጄት በቀን ደጋግሞ መነሳት ነበረበት። መለዋወጫ የለም፣ የአሜሪካ ባለሙያ የለም። ያን ሁሉ የሠሩት ከሦስት ዓመት በፊት ደመወዝ አነሰን ብለው የተነሱት ዓይነት ቴክኒሻኖች ናቸው። የአንድ አዛዥ ትልቅነት የሚለካው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ጄኔራል ፋንታ ብዙ አብራሪ፣ ብዙ አውሮፕላን አልነበራቸውም፤ ያለው ግን እንዲነሳ የሚያደርግ ቤት ነበራቸው። ያንን ቤት በዚያ በከፋ ዓመት ሳይበተን ይዘው ማቆየታቸው ማንም የማይነሳቸው ሥራ ነው።

ያው ድምፅ፣ ሌላ ሰማይ

አሁን ደግሞ የእህታችንን ታሪክ እንስማ። እሱን ዘልዬ ብጽፍ ጋዜጣችን የግማሽ ሰው ጋዜጣ ይሆናል።

ከካራማራ በኋላ አየር ኃይሉ ከሥር እስከ ራሱ ተለወጠ። በኤፍ-5 ፋንታ ሚግ-21፣ ቀጥሎም ሚግ-23፤ ከእንግሊዝኛ ወደ ሩስያኛ፤ ከቴክሳስ ወደ ሶቪየት ኅብረት። ሄሊኮፕተሮችና ግዙፍ አንቶኖቮች መጡ። በፋንታ በላይ ዘመን የአየር ኃይሉ መጠን ከዚያ በፊት ሆኖ የማያውቀውን ያህል ሆነ። ለእሳቸውም የሜጀር ጄኔራልነት ማዕረግ መጣ።

ይህ ሁሉ ኃይል ግን ከዚያ በኋላ የውጭ ወራሪ አልገጠመውም። የተላከው ወደ ሰሜን ነው፤ ወደ ኤርትራና ወደ ትግራይ። በ1974 ዓ.ም. የቀይ ኮከብ ዘመቻ ሲባል ጄቶቹ የሳህልን ተራሮች ደበደቡ፤ ናቅፋ ግን አልተያዘችም። በዓመታቱ ውስጥ ቦምብ የወደቀው በምሽግ ላይ ብቻ አይደለም። መንደር ተመታ፣ ገበያ ተመታ። ሰው ቀን ዋሻ ውስጥ ውሎ ሌሊት እርሻ መሥራት ለመደ። እህታችን ያወራችው ይህንኑ ነው። ከኤርትራ የመጡ ጎረቤቶቻችንን ብትጠይቁ ያንኑ ይነግሯችኋል።

ከሁሉ የከፋው ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. ሐውዜን ላይ የሆነው ነው። ረቡዕ ነበር፣ የገበያ ቀን። የሞተው ሰው ብዙ ጊዜ እስከ 2,500 ይደርሳል ይባላል። ልክ ለመሆን ያህል፣ ያን ጊዜ ጄኔራል ፋንታ ከአየር ኃይሉ ወጥተው ሚኒስትር ነበሩ፤ አዛዡ ሌላ ሰው ናቸው። ግን ገበያ የሚመታ አየር ኃይል በአንድ ሌሊት አይሠራም። በሰሜን ሰማይ ላይ ያ ልማድ ሲበቅል አዛዡ እሳቸው ነበሩ። ትእዛዙ ከላይ መጣ ብንልም፣ በመሀል ያለፈበት ጠረጴዛ የእሳቸው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ የሶማሌ ወንድሞቻችንም ይህን ጋዜጣ ያነባሉና። በዚያው በ1980 ዓ.ም.፣ ሐውዜን በተመታችበት ሰሞን፣ የሲያድ ባሬ ጄቶች ሐርጌሳን ደበደቡ። ከራሷ ከሐርጌሳ አየር ማረፊያ እየተነሱ የራሳቸውን ከተማ መቱ። ዛሬ ሐርጌሳ መሀል አደባባይ ላይ የወደቀ ሚግ ለመታሰቢያ ቆሟል። ከካራማራ ወዲያና ወዲህ፣ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ የተዋጉት ሁለት አየር ኃይሎች፣ ሁለቱም ፊታቸውን ወደ ገዛ ሕዝባቸው አዙረው ተገናኙ።

ሚኒስትሩ

የሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሲታወጅ ጄኔራል ፋንታ የኢንዱስትሪ ሚኒስትር ነበሩ። በእሳቸው ቦታ ሜጀር ጄኔራል አምሃ ደስታ የአየር ኃይሉ አዛዥ ሆኑ። ከጄት ወደ ጨርቃጨርቅና ሲሚንቶ ነው ነገሩ። በወረቀት ሲታይ እድገት ይመስላል፤ ጦር የለመደ ሰው ግን ከጦሩ ሲለዩት ይገባዋል።

ጊዜው ደግሞ እየከፋ ሄደ። በመጋቢት 1980 አፍዓበት ላይ የናደው ዕዝ ፈረሰ። በየካቲት 1981 እንዳሥላሴ ሽሬ ላይ ሌላ ትልቅ ጦር ተደመሰሰና መንግሥት ትግራይን ለቆ ወጣ። እናቶች ልጆቻቸውን ከገበያና ከትምህርት ቤት በር እየታፈሱ ያጡ ነበር። ጄኔራሎቹ ጦርነቱ በጦርነት እንደማያልቅ አውቀውታል። ሊቀ መንበሩን ይህን የሚነግራቸው ሰው ግን ዕድሜ የለውም። እንዲህ ሲሆን ሰው ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ይሸሻል፣ ወይ ያሴራል። እነሱ ሦስተኛውን መረጡ፤ ጄኔራል ፋንታም ከዋነኞቹ አንዱ ሆኑ።

ግንቦት 8 ቀን 1981

ማክሰኞ ነበር። ኮሎኔል መንግሥቱ ወደ ምሥራቅ ጀርመን ለጉብኝት ተነሱ። አውሮፕላናቸው በሰላም ሄዶ በሰላም አረፈ። ልብ በሉ፤ ከአሤረኞቹ መሀል የአየር ኃይሉ አዛዥና የቀድሞው አዛዥ ነበሩበት፤ አንድ ጄት እንኳ አልተነሳም።

ጄኔራሎቹ መከላከያ ሚኒስቴር ውስጥ ተሰበሰቡ። የጦር ኃይሎች ኤታማዦር ሹሙ ሜጀር ጄኔራል መርዕድ ንጉሤ፣ ጄኔራል አምሃ ደስታ፣ ጄኔራል ፋንታ በላይ፣ ሌሎችም። አሥመራ ላይ የሁለተኛው አብዮታዊ ሠራዊት አዛዥ ሜጀር ጄኔራል ደምሴ ቡልቶ ከነሱ ጋር ናቸው። እንግዲህ በማዕረግ ብትቆጥሩት የአገሪቱ ጦር ከሞላ ጎደል በእጃቸው ነው። የሌላቸው የመከላከያ ሚኒስትሩ ነበሩ። ሜጀር ጄኔራል ኃይለ ጊዮርጊስ ሀብተ ማርያም አልተባበርም አሉና እዚያው ግቢ ውስጥ ተገደሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው የሰዓታት ታሪክ ነው። ጄኔራሎቹ አዳራሽ ውስጥ ሲመክሩ ቤተ መንግሥቱን የሚጠብቀው ጦር ግቢውን ከበበ። ሬዲዮ ጣቢያውን የያዘላቸው የለም። ታንክ የሚያዝላቸው የለም። ከአሥመራ በአየር የመጣ ጦር አዲስ አበባ ደርሶ ነበር፤ በሰዓቱ ትእዛዝ የሚሰጠው ሰው አላገኘም። ውጭ ያሉት ወታደሮችና ባለሌላ ማዕረጎች ለምን እንደቆሙ እንኳ አያውቁም። የነገራቸው የለማ! ሰልፈኛው የማያውቀውን ሰልፍ ጄኔራል ብቻውን አይሰለፍም።

ጄኔራል መርዕድና ጄኔራል አምሃ እጅ አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ገደሉ። ሌሎቹ ተያዙ። ኮሎኔል መንግሥቱ በማግስቱ ተመለሱ። አሥመራ ላይ ጄኔራል ደምሴና አብረዋቸው የነበሩት በቀናት ውስጥ በገዛ ወታደሮቻቸው እጅ ተገደሉ።

ጄኔራል ፋንታ ግን ጠፉ። አገር ምድሩ ተፈለገ። ከግቢው አልወጡም ነበር፤ እዚያው መከላከያ ሚኒስቴር ውስጥ ከቆመ ኮንቴይነር ውስጥ ተደብቀዋል። ቀን የሚያነደው፣ ሌሊት የሚቀዘቅዘው ብረት ውስጥ፣ ውሃ ሳይኖር፣ በዙሪያው ፈላጊ እየተራመደ። የደማም ወደብ ላይ የሠራችሁ የኮንቴይነርን ውስጥ ሙቀት ለሌላ ሰው መንገር አያስፈልጋችሁም። ከቀናት በኋላ ተገኙ።

ወደ ማዕከላዊ ምርመራ ተወሰዱ። ከዚያ በሕይወት አልወጡም፤ ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ፣ በእስር ላይ እንዳሉ ተገደሉ። የተቀሩት ጄኔራሎች በወታደራዊ ፍርድ ቤት ቆመው ዓመት ያህል ቆዩ፤ በግንቦት 1982 ዓ.ም. አሥራ ሁለቱ ተረሸኑ። ጄኔራል ፋንታ ያችን ታህል ችሎት እንኳ አላገኙም። የሚሉትን የሚሰማ ዳኛ፣ የሚጽፍ ጸሐፊ አልነበረም። ድሬዳዋን ስለማዳናቸው አልተመሰገኑም፤ በሰሜን ሰማይ ስለሆነውም አልተጠየቁም። ሁለቱም ሒሳብ ሳይዘጋ ቀረ። እኛም ዛሬ ኮባር ላይ ቡና እየጠጣን የምንጣላው ለዚህ ይመስለኛል፤ ያልተዘጋ ሒሳብ ወራሽ አያጣም።

ከዚያ በኋላ

ጦሩ ምርጥ ምርጥ መኮንኖቹን በአንድ ዓመት አጥቶ ብዙ አልቆመም። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ አገር ጥለው ወጡ። የባሕር ኃይል ሰዎች በመርከቦቻቸው ወደ የመንና ወደ ሳዑዲ ተሻገሩ፤ የአየር ኃይል ሰዎችም በአውሮፕላንና በሄሊኮፕተር ወደ ጅቡቲ ሸሹ። ያ ሁሉ የሠለጠነ እጅ ተበተነ። የጄት ሞተር የሚፈታ ሰው የመኪና ዘይት ለዋጭ ሆነ። በዚህ ቀይ ባሕር ላይ ከእኛ በፊት የተሻገሩ ስደተኞች ውስጥ እነሱም አሉ።

ለእኛስ ምን ይሆነናል?

የማኅበር ጋዜጣ ነውና፣ የማኅበር ነገር ልናገር።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሦስት ጊዜ ሰዎች ተባብረዋል። የመጀመሪያው በየካቲት 1966፣ ቴክኒሻኖቹ፤ ምንም ማዕረግ ሳይኖራቸው እርስ በርስ ስለተነጋገሩ ብቻ ሰሚ አገኙ። ሁለተኛው በሐምሌና በነሐሴ 1969፣ ከአዛዡ እስከ ነዳጅ ቀጂው ሁሉም የሚሠራውንና የሚሠራበትን ምክንያት ያውቅ ነበር፤ ጥቂት ጄት በቂ ሆነ። ሦስተኛው ግንቦት 8 ቀን 1981፤ ማዕረግ ሁሉ በአንድ ክፍል ውስጥ ነበረ፣ ክፍሉ ግን ተዘግቶ ነበር። ከታች ያለው ሰው ምንም አያውቅም። ስለዚህ ማንም አልመጣላቸውም።

ይህን የምለው ስለ መንግሥት ግልበጣ ላስተምር አይደለም፤ ከሱ ይጠብቀን። ስለ መዋጮ ሳጥናችን ነው። ኮሚቴው ብቻ የሚያውቀው ሒሳብ፣ ሰብሳቢው ብቻ የያዘው ስልክ ቁጥር፣ በሦስት ሰው የተወሰነና ሌላው በወሬ የሚሰማው ውሳኔ እንዳይኖረን። ባለፈው ዓመት የአንዲት እህታችን አስከሬን አገር ቤት እንዲገባ ስንሯሯጥ፣ የቤተሰቧን አድራሻ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበረ፤ እሱ ደግሞ ለዕረፍት አገር ቤት ሄዶ ነበር። ስንት ቀን እንደፈጀብን ታስታውሳላችሁ። ያች ቀን የእኛ ትንሿ ግንቦት 8 ነበረች። ስለዚህ ስማችሁን፣ የቤተሰብ ስልካችሁን፣ የኢቃማችሁን ኮፒ ለጸሐፊዋ አስመዝግቡ፤ መዝገቡም ቢያንስ ሦስት ሰው እጅ ይሁን። በየወሩ መጨረሻ አርብ ሒሳቡ ለሁሉም ይነበብ። ሰው የሚመጣልን የሚያውቀን ሲኖር ነው።

ስለ ፎቶውም ቃሌን ልጠብቅ። እኔ አይሰቀል ባይ ነኝ። ሰውየው ትንሽ ስለሆኑ አይደለም፤ ድሬዳዋን ያተረፈ ክንድ ትንሽ አይባልም። ግን የመሰብሰቢያ ክፍላችን የሁላችንም ናት። አንዷ እህታችን ቀና ባለች ቁጥር ወደ ዋሻ የምትሮጥባት ክፍል ከሆነች፣ መዋጮዋን ይዛ የምትመጣበት ቤት አጥታለች ማለት ነው። በፎቶው ፋንታ ታሪኩን እንያዝ፤ ሙሉውን፣ ከነካራማራው፣ ከነሐውዜኑ፣ ከነኮንቴይነሩ። ታሪክ ግድግዳ አይፈልግም።

የድሬዳዋው ወንድማችን በዚህ ቢከፋው ቅሬታውን በሚቀጥለው ቁጥር እናወጣለን፤ ገጹ ክፍት ነው። እህታችንም የምትለው ካላት እንዲሁ። እስከዚያው ጄት ባለፈ ቁጥር ስኒያችሁን ያዝ አድርጉ፤ ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ ማንም እንዳይነሳ።

በሚቀጥለው አርብ እንገናኝ። ሰላም ያገናኘን።